የእናቴ ሽውታ

ደብረ ብርሃን የምኖርበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ነፋሱ በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ በበሩ ሥር ባለችው ቀጭን ክፍተት ሲገባ «ሽው» ይላል፣ ባለቤቴ ሻዩን እየጠጣ ስልኩ ላይ ዜና ያነብባል እንጂ ምንም አይሰማውም፣ እኔ ግን በእጄ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ ሳላውቀው ዞር ብዬ እናቴን በዓይኔ እፈልጋለሁ። እናቴ የምትኖረው መንዝ ነው፣ ከዘመሮ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ፣ እኔ በተወለድኩበት ቤት። ይህን አእምሮዬ አሳምሮ ያውቃል፤ ሰውነቴ ግን ያንን ድምፅ ሲሰማ ዛሬም የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ እናቱ ልትሄድ የተነሣች ይመስለዋል።

እናቴ ሽውታ ይነሣባት ነበር። በእኛ ቤት የሚባለው እንደዚያ ነው። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ማንም ባልጠበቀው ቀን፣ የያዘችውን ሥራ ከመካከሉ ትታ እግሯን ትታጠብና በሶ በጨርቅ ቋጥራ፣ «ሽው አለኝ፣ እናቴን አይቼ ልምጣ» ብላ ትወጣ ነበር። የእናቷ አገር መርሐቤቴ ነው፤ ከእኛ ደጋ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ደግሞ በማዶው ሽቅብ ወጥቶ፣ በእግር አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። አራት ቀን፣ አምስት ቀን ትቆይና አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቷ በቆላ ፀሐይ ጠቁሮ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሎሚ ቋጥራ ትመለሳለች፣ ማንም ምንም አይጠይቃትም፣ ማጀት ገብታ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ሞገስ ግን ካቆምንበት መቀጠል አይሆንልንም ነበር። ሞገስ ትንሽ ስለነበር አልቅሶ ይወጣለታል፤ እኔ ግን አላለቅስም፣ ምልክት እጠብቃለሁ። ሽውታው ሊነሣ ሲል እናቴ ወጥ ላይ ጨው ትረሳለች፣ ወይም ሁለት ጊዜ ትጨምራለች። ስንጠራት አንድ ጊዜ አይሰማትም። ከሁሉ የማልወደው ግን እግሯን በቀን ስትታጠብ ነበር፤ ከጓሮ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከሰማሁ የትም ብሆን እየሮጥኩ እመጣና ዕቃ እያጠበች ሆና ሳገኛት ዕቃው ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቧ ቆሜ አያት ነበር። «ምን ሆነሻል፣ ትዕግሥቴ?» ትለኛለች። «ምንም» እላለሁ።

አጥርቼ የማስታውሰው በታኅሣሥ የሆነው ነው። ገብሱ ተወቅቶ አውድማ ላይ ተከምሮ ነበር፣ ነፋስ ግን ጠፍቶ አባቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን መንሻቸውን ተደግፈው ሰማዩን እያዩ ዋሉ፣ እናቴም ጠላ ይዛላቸው መጥታ እየቀዳች ትጫወታለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከምዕራብ፣ ከቆላው በኩል፣ ነፋሱ መጣ፣ ወንዶቹ ተነሥተው ገብሱን ሽቅብ ይበትኑት ጀመር፣ ገለባው ሁላችንን አለበሰን፣ እኔ ዓይኔን አሽቼ ስከፍት ማሰሮው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ የለችም። ነጠላዋ በመንገዱ ላይ እያነሰ ሲሄድ አየሁ። አባቴም አይቷል። መንሹን ግን አላስቀመጠም።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ «ወዴት ናት?» ሲለው፣ «እሷን እንደሆነ ታውቃታለህ፣ ነሸጥ ካደረጋት ማን ይመልሳታል» አለና ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ፣ ገብሱን ለነፋስ መስጠታቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ አባቴ ዘንድ ቃሉ ሽውታ አልነበረም፣ ነሸጥ ነበር። በእሱ አነጋገር ነሸጥ ማለት እንደ ቅብጠት ያለ ነገር ነው፣ ጥጃ ሜዳ ላይ ድንገት ጭራውን ሰቅሎ እንደሚሮጠው፣ ምክንያቱን ማንም እንደማይጠይቀው። እንዲህ ሲያወራ ሰውን ሁሉ ያስቅ ነበር። እናቴ በሌለችባቸው ቀናት ግን ከእርሻ ቀደም ብሎ ይገባል፣ እሳቱን ራሱ ያያይዛል፣ እኔንና ሞገስን በቀኝና በግራው አስቀምጦ ከእኛ ጋር ሳያወራ ያመሻል፤ ይህ ሁሉ ለቅብጠት የሚሆን አይመስለኝም ነበር።

አያቴ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነው። አያቴ የአባቴ እናት ናቸው፣ መሬቱም ቤቱም በእሳቸው ስም ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፣ አባቴ ፈትሉን ወስዶ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ያሠራበታል። በዚያ በታኅሣሥ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሽውታ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«በሽታ ነው» አሉኝ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ። «ቆላ ሳለች ቀትር ላይ ሳታማትብ ዛፍ ሥር ተኝታ፣ ሽው ብሎ አለፈባት። ሲመታ አይታይም። አንዱን ዓይኑን ያጠፋዋል፣ ሌላውን ፊቱን ያጣምመዋል። እሷን ልቧን ነው የመታት።»

«አይድንም?»

«ጠበል ነበር መድኃኒቱ። እሺ አላለችም።»

«ወደ ልጅ ይተላለፋል?»

አያቴ ፈትሉን እንዝርቱ ላይ እየጠቀለሉ «እኔ እንጃ» አሉ።

ያቺ «እኔ እንጃ» ያን ዓመት ሙሉ አልለቀቀችኝም። ወደ ትምህርት ቤት የምንሄድበት መንገድ ሜዳ ለሜዳ ነው፣ ከነፋስ የሚከልል ነገር የለውም፣ እኔም ነፋስ ሲመጣ ትንፋሼን ይዤ፣ የሞገስን ጆሮ በሻሽ ጠቅልዬ፣ እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቅ ነበር። እየቆምኩ ስሄድ አረፍድ ነበር፤ ስለማርፈዴ ስገረፍም ምክንያቱን አልተናገርኩም።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አዲስ የአማርኛ አስተማሪ ተመደበችልን፤ ወጣት ናት፣ ብርዱን ስላልለመደችው ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር የምታስተምረን። አንድ ቀን እያንዳንዳችን ከየቤታችን አንድ ቃል ከነትርጉሙ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘችን። ልጆቹ የእርሻ ዕቃ ስም፣ የበግ ጠባይ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ስም ይዘው መጡ። እኔ ደብተሬ ላይ «ሽውታ» ብዬ ጽፌ ከጎኑ ባዶ ትቼዋለሁ።

«ትርጉሙስ?» አለችኝ።

«አላወቅኩትም፣ ቲቸር። አባቴ ሌላ ይላል፣ አያቴ ሌላ ይላሉ።»

ሰሌዳው ላይ «ሽው» ብላ በትልቁ ጻፈችና ክፍሉ በሙሉ አብሮ እንዲል አደረገች፣ ስልሳ ልጆች በአንድ ላይ «ሽው» ሲሉ እኔ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። «ሰማችሁ?» አለች። «ቃሉ ከድምፁ ነው የመጣው። ነፋስ ሲያልፍ የሚያሰማውን ሰዎች ሰምተው ቃል አደረጉት። ከዚያ ወዲያ እንደ ነፋስ ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ሁሉ በእሱ ተጠራ፤ በሽታም፣ አምሮትም፣ ናፍቆትም።»

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ እኔን አስቀረችኝ። ጆሮዬን ስደፍን አይታኛለች።

«ቤታችሁ ይህን ቃል የሚለው ማነው?»

«እናቴ ናት።»

«እሷስ ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቀሻታል?»

አልጠየቅኳትም ነበር። አባቴን ጠይቄያለሁ፣ አያቴን ጠይቄያለሁ፣ ቄሱን ሳይቀር ጠይቄ «ይህቺን ግእዙም አያውቃት» ብለው ስቀውብኛል፣ እናቴን ግን አንድም ቀን። ለአስተማሪዬ ያልነገርኳት ምክንያት ነበረኝ፤ ስሙን ፊቷ ላይ ከጠራሁት ይነሣባታል ብዬ እፈራ ነበር።

ክረምት የእኔ ወቅት ነበር። ሌሎች ልጆች ጭቃውንና ጉሙን ይጠሉታል፣ እኔ ግን ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ስለሚዘጋ ሐምሌንና ነሐሴን እንደ ሰው እተኛ ነበር። ጨው ቢረሳም፣ ስትጠራ ባትሰማም፣ የትም አትሄድም። በዚያ ዓመት በፍልሰታ ጾም ግን እናቴ ከዘመሮ ገበያ ባዶ እጇን ተመለሰች፣ ጨውም ጋዝም ሳትገዛ፣ ሊሸጥ የሄደውን እንቁላል የት እንዳደረገችው እንኳ ሳታውቅ። ያን ዕለት ማታ ራቷን አልበላችም። በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ለሥራ ጎረቤት ሄዶ፣ አያቴ ቅዳሴ ሄደው፣ ቤት ውስጥ እኔና ሞገስ ብቻ ሳለን ከጓሮ ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

ስደርስ እግሯን አድርቃ ጨርሳለች።

«ሞገስን እያየሽ ቆዪ። ሽው አለኝ።»

«ወንዙ ሞልቷል» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ወጣች።

ሞገስን እየጎተትኩ ወስጄ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩትና ተከተልኳት። ጉሙ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም፣ ጭቃው ላይ ያለውን የእግሯን ዱካ እያየሁ ሮጥኩ፣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፣ ዱካው ከሌላ ሰው ዱካ ጋር ሲቀላቀልብኝ እየጠራኋት ሮጥኩ። አፋፉ ላይ ደረስኩባት። እዚያ ላይ መሬቱ ያልቃል፤ ከሥሩ ጉም ብቻ ነው፣ ወንዙ አይታይም፣ ጩኸቱ ግን እስከ እኛ ድረስ ይወጣል። ቀሚሷን በሁለት እጄ ያዝኩ። አልተቆጣችኝም።

«እማዬ፣ ሽውታው ምንድን ነው?»

ልጠይቃት አስቤ አልነበረም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ፊቷን ከፊቴ ጋር እኩል አደረገችው።

«እዚያ ማዶ እህት አለችሽ» አለችኝ። «ብርቄ ትባላለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ካባትሽ በፊት ከነበረኝ ባል የወለድኳት ናት። ስንፋታ የአባቷ እህት ወሰደቻት።»

«ለምን አላመጣሻትም?»

«አያትሽ የሌላ ሰው ልጅ ይዛ እንዳትመጣ ብለው በሽማግሌ ፊት ቃል አስገብተውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ፣ አባትሽም እሺ ብሏል።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ልጄ ናፈቀችኝ ብዬ በተነሣሁ ቁጥር ቃሌን ማፍረሴ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ጠብ ነው። ሽው አለኝ ስል ግን ማንም ምንም አይለኝም። ሽው የምትለኝ እሷ ናት፣ ትዕግሥቴ።»

ትናንት ገበያ ላይ በርበሬ ከቆላ የሚያመጣ ነጋዴ አግኝታ ነበር። ብርቄ ወባ ይዟት ከተኛች ሳምንት አልፏታል፣ ትቃዣለች፣ እናቷን ትጣራለች ብሎ ነገራት።

እንዲታዘንልኝ ብዬ ሳይሆን የሆነውን ለመናገር ያህል፣ በዚያች ሰዓት ለብርቄ አላዘንኩላትም። እናቴን «እናቴ» እያለ የሚጣራ ሌላ ልጅ መኖሩ ከሽውታውም ከወንዙም የበለጠ አስፈራኝ፣ ቀሚሷን ይበልጥ ጨበጥኩት።

«ይወስድሻል» አልኳት። «ወንዙ ይወስድሻል።»

«ዋናተኞች አሉ፣ ያሻግራሉ።»

«በዚህ ክረምት የሚሻገር የለም።»

እጆቼን አየቻቸው። «ልቀቂኝ ትዕግሥቴ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልለቅም ካልሽ አስለቅቄሽ አልሄድም። አንቺው ልቀቂኝ።»

አልለቀቅኳትም። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፣ ጉሙ ልብሳችንን አርሶት ብርዱ ጥርሴን ያፋጨው ነበር፣ እሷ ወደ ጩኸቱ እያየች፣ እኔ ወደ ጭቃው እያየሁ። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች፣ እኔም እቤት እስክንደርስ ድረስ ከቀሚሷ እጄን አላነሣሁም።

ማታ አባቴ ሲገባ የቀሚሷን ጭቃ አየና ቆመ። አያቴ ጥጋቸው ላይ ይፈትላሉ።

«ብርቄ ታማለች» አለችው እናቴ።

ስሙ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። የአያቴ እንዝርት ቆመ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል፤ ነሸጥ ያለውም፣ በሽታ ያሉትም፣ የማናውቀው እኔና ሞገስ ብቻ ነበርን። አባቴ ጋቢውን አውልቆ እናቴን አለበሳትና ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሦስት ሳምንታት በሕይወቴ ረጅሞቹ ናቸው። አባቴ በየማለዳው እስከ አፋፉ ድረስ ይሄድና ይመለሳል። «እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል። እናቴ ትሠራለች፣ ታበስላለች፣ ከእኔ ጋር ግን ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ አልጠላችኝም፣ እንደ ወትሮው ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ እኔ ግን ጣቶቿ ራሴ ላይ በቆሙ ቁጥር ያቺ ልጅ ሞታ ቢሆንስ እያልኩ አስብ ነበር። ብትሞት እኔ ነኝ የገደልኳት። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ለብርቄ ሳይሆን ለራሴ ነበር የምለምነው፣ ኋላ ደግሞ እሱም ኃጢአት መስሎኝ ሁለታችንንም አንድ ላይ እለምን ጀመር።

መስከረም ገብቶ፣ ሜዳው በአደይ ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ቀን በቀን መቆም ሲጀምር አንድ ጠዋት አባቴ ወደ አፋፉ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ እስከ ምሳ ጠበቀችው። ከሰዓት በኋላ በቅሎዋም እንደሌለች አየን። አራት ቀን ጠፋ። በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በቅሎዋን እየሳበ በግቢው በር ገባ፤ በቅሎዋ ላይ ራሷን የተላጨች፣ ጉንጮቿ የጎደጎዱ፣ ከእኔ በጥቂት የምትረዝም ልጅ በስስ ነጠላ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። እናቴ ከማጀት ወጥታ ስታያት በሩን ይዛ ቀረች።

አባቴ መጀመሪያ ያየው እናቱን ነበር። አያቴ እንዝርታቸውን እንደያዙ ደጃፍ ወጥተዋል።

«ነሸጥ አደረገኝ፣ እናቴ» አላቸው።

የቀልድ ፊት አልነበረውም። አያቴ ልጃቸውን አዩት፣ ልጅቷን አዩዋት፣ እኔ ከእናቴ ኋላ ሆኜ አፋቸውን አፋቸውን አያለሁ። «ይቺ የኛን ብርድ አትችለውም» አሉ በመጨረሻ፣ ከአልጋቸው ላይ ባናቸውን አምጥተው ለአባቴ ሰጡትና ተመልሰው ገቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ «የቆላዋ» እያሉ ነው የጠሯት፣ በስሟ አልጠሯትም፤ የሰጧትን ባና ግን መልሰው አልጠየቋትም።

አባቴ ለምን እናቴን አስቀርቶ ራሱ እንደሄደ ካደግሁ በኋላ ነግሮኛል። «እሷ ብትሄድ አይታት ነው የምትመለሰው። ከሰዎቹ ጋር ተነጋግሮ የሚያመጣት እኔ ነበርኩ። ለመሄድ ያን ያህል ዓመት መቆየቴ ነው የሚቆጨኝ» አለኝ።

ብርቄ ከእኛ ጋር አድጋ፣ አግብታ፣ አሁን ተመልሳ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች። አምና ለሞገስ ሠርግ ቤት ተሰብስበን፣ እኔና እሷ ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት እየከተፍን፣ ዓይናችን በእንባ ተሞልቶ ሳለ ነገርኳት። እናታችን ያኔ የቀረችው ወንዙ ሞልቶ ብቻ አይደለም፣ እኔ ይዣት ነው አልኳት። እናታችን ይህን ለብርቄ አንድም ቀን አልነገረቻትም ነበር። ብርቄ አንድ ሽንኩርት ከትፋ ጨርሳ ሌላ አነሣች።

«እኔም ብሆን አልለቃትም ነበር» አለችኝ። የከተፈችውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋም፣ «ያኔ ግን በየቀኑ በሩን አይ ነበር» አለች።

አባቴም አያቴም አሁን የሉም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከግቢ ብዙም አትወጣም፣ በየማታው በስልክ ሦስታችንም እናገኛታለን፣ አንዳችን ከዘገየን ራሷ ትደውላለች። ብርቄ ከመጣች ወዲህ ሽው አለኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ያን ጊዜ እሷ ትሄድ ነበር፣ እኛ ቁጭ ብለን ቀኑን እንቆጥር ነበር፤ ዛሬ የምንሄደው እኛ ነን። ለበዓል ሄጄ አራት አምስት ቀን ቆይቼ ስመለስ መቼ እንደምመጣ አትጠይቀኝም፣ ለመንገድ የሚሆነኝን በሶ ትቋጥርልኝና በሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ መኪናው እስኪርቅ ድረስም አትገባም።